ጎመን ተመገቡ ስንል ዘሩን ከየት ያምጡት?

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ አንዲት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ወደምሠራበት ክፍል ገባች። ለክትትል የመጣች ናት። ከሁለት ወር በፊት ስትመጣ ደሟ ዝቅ ብሎ ስላገኘሁት የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን አዝዤላት ነበር። እንደ ልማዴም «ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት ተመገቢ፤ ጓሮ ካለሽ እዚያው ዝሪ» ብያታለሁ። መቼም ይህን ምክር በቀን ስንት ጊዜ እንደምናገረው ቆጥሬው አላውቅም።

«እህቴ፣ አትክልቱስ እንዴት ሆነ?» ብዬ ጠየቅኋት።

መሬት መሬት እያየች «ዶክተር፣ እንዳሉኝ ገዝቼ ዘራሁት፤ አልወጣም» አለችኝ።

ገንዘቡን ከየት እንዳገኘችው ስጠይቃት ሦስት ሳምንት ያጠራቀመችውን እንቁላል ቅዳሜ ገበያ አውጥታ እንደሸጠች ነገረችኝ። ቤቷ የሁለት ዓመት ልጅ አላት። እንግዲህ ነገሩ ሲሰላ፣ ሕፃኑ ሊበላው ይችል የነበረ እንቁላል ከቤት ወጥቶ በምትኩ የማይበቅል ዘር ገባ ማለት ነው። ይህንን ያደረገው የእኔ ምክር ነው።

የተረፋትን ዘር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አምጥታው ነበር። ከተከፈተ ቆርቆሮ በሻይ ማንኪያ ተሰፍሮ በላስቲክ የተቋጠረ የካሮት ዘር ነው። ስም የለው፣ ቀን የለው፣ የመጣበት አገር የለው። አንድ መድኃኒት ቤት እንዲህ አድርጎ ስም የሌለው ክኒን በላስቲክ ቋጥሮ ቢሰጣት ኖሮ ተቆጥቼ እከለክላት ነበር። ዘሩን ግን «ግዢ» ያልኳት እኔው ነኝ፤ ስትገዛ ምን ማየት እንዳለባት አንድም ቃል አልነገርኳትም።

የተረፈውን ተቀብያት ማታ ቤቴ 20 ፍሬ ቆጥሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ የበቀሉት ሦስት ፍሬዎች ብቻ ናቸው። የዛሬው ጽሑፌ ከዚያ ጨርቅ የተነሣ ነው።

ሐኪምን ዘር ምን አገባው?

እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ካሉ ሕፃናት 57 በመቶ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ደግሞ 24 በመቶ የደም ማነስ ነበረባቸው። በዚያው ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ የሚሆኑት ቀንጭረው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስ ያለ ጥናት ቁጥሩ ወደ 41 በመቶ ወርዷል። ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል ቢያንስ አራት ዓይነት የምግብ ምድብ ያገኙት በ2016ቱ ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ይፋ ያደረገውና ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ያለመው ቃል ኪዳን ስሙን የወሰደው ከእኛው ክልል ከተማ ከሰቆጣ ነው።

የሚገርመው ደግሞ አካባቢያችን አትክልት የማያውቅ አገር አይደለም። የጉና ተዳፋት ድንች ያበቅላል። ወረድ ሲሉ ፎገራ ሽንኩርቱን በመኪና እየጫነ ይልካል። ነገር ግን የሚመረተው አብዛኛው ለገበያ ነው። መሶቡ ላይ የሚቀርበው ከሰኞ እስከ እሑድ ሽሮ ነው። ሽሮ ጥሩ ምግብ ነው፤ ችግሩ ብቻውን ሲሆን ነው።

ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ያላቸው አትክልቶች ፎሌትና ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጥ ንጥረ ነገር ይሰጣሉ። ካሮትና ዱባም ለቫይታሚን ኤ ይጠቅማሉ። በጎመን ውስጥ ያለው ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ አይዋሃድም፤ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም የሎሚ ጭማቂ አብሮት ሲበላ ግን ሰውነታችን የሚወስደው መጠን ይጨምራል። ጥቂት ዘይት ማከልም ለቫይታሚን ኤው ያስፈልጋል። ቡናና ሻይ የብረቱን መዋሃድ ስለሚያውኩ ከምግቡ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ቢራራቁ ይመረጣል። ምግብ ተነሥቶ ወዲያው አቦል በሚቀርብበት አገር ይህንን መምከር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ጎመን የነፍሰ ጡርን ክኒን አይተካም። የጽንሱ የጀርባ አጥንትና የአንጎል መነሻ የሆነው ቱቦ የሚዘጋው በፅንሱ የመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴቶች በዚያን ጊዜ መፀነሳቸውን እንኳ አያውቁም። ስለዚህ ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት መጀመር አለበት። የጓሮ አትክልት የሚደግፈው የዓመቱን ሙሉ የቤተሰቡን ምግብ ነው፤ የሕፃኑን፣ የእናቱን፣ የአባቱን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል። በገጠር ያለ ቤተሰብ ይህንን ከገበያ እየገዛ ይሟላ ማለት የማይቻል ነው። ከጓሮ ከሆነ ግን ይሞከራል። ጓሮው ደግሞ ከዘሩ ይጀምራል።

ዘር ሕይወት ያለው ነገር ነው

ዘር የደረቀ ቢመስልም የሚተነፍስ፣ የሚያረጅና የሚሞት ነገር ነው። እርጅናውን የሚያፋጥኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እርጥበትና ሙቀት። የዘር ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ መለኪያ አለ። በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ገደማ ይረዝማል፤ የሚቀመጥበት ቦታ ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስም እንዲሁ። በተቃራኒውም ያው ነው። በቆርቆሮ ክዳን ሱቅ ውስጥ ፀሐይ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ የቆየ ዘር፣ ወይም ክረምቱን ሙሉ ክዳኑ ተከፍቶ ጭጋግ ሲጠጣ የከረመ ዘር ከላይ ሲያዩት ምንም ያልሆነ ይመስላል። ውስጡ ግን ሞቷል።

ሁሉም ዘር እኩል አያረጅም። የሽንኩርት ዘር ከሁሉም ቶሎ ይሞታል፤ በተራ አቀማመጥ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ነው ዕድሜው። ካሮት ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል። ጎመን፣ ቲማቲምና ቀይ ስር በደረቅ ቦታ ከተቀመጡ አራት ዓመት ገደማ ይሄዳሉ። ስለዚህ ያለፈ ዓመት የሽንኩርት ዘር በቅናሽ ሲያቀርቡልዎት ቅናሹ ለምን እንደመጣ መጠርጠር ነው።

ለመሆኑ የካሮት ዘር ለምን ከውጭ ይመጣል? ይህንን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና ቀይ ስር የሁለት ወቅት ተክሎች ናቸው። በመጀመሪያው ወቅት ሥራቸውን ወይም ጥቅላቸውን ያሳብጣሉ። ለማበብና ዘር ለማፍራት ደግሞ ለሳምንታት የሚቆይ ጠንከር ያለ ብርድ ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለ ብርድ በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ስለማይገኝ የምንዘራው በአብዛኛው በአስመጪዎች በኩል የሚገባውን ነው። የታሸገው ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ዘር በወረቀት ከረጢት ከሚቀመጠው የበለጠ እንዲደርቅ ተደርጎ የገባ ነው። ቆርቆሮው አንዴ ከተከፈተ ግን ጥቅሙ አለቀ። አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ለአንድ የጓሮ መደብ እጅግ ብዙ ስለሆነና ዋጋውም ስለማይቀመስ ነጋዴው ከፍቶ በማንኪያ ይሰፍራል። በዚህ ነጋዴውን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ የአሥር ብር ዘር የሚፈልግ ገዢ ሌላ አማራጭ የለውምና። ነገር ግን ሻጩ ቆርቆሮውን መቼ እንደከፈተው የሚያውቅ ሰው የለም፤ አንዳንድ ጊዜ ራሱም አያስታውሰውም።

ሃያ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ

መሬት ቆፍሮ፣ ፍግ አልብሶ፣ ውኃ ተሸክሞ ሦስት ሳምንት ከመጠበቅ በፊት ዘሩን ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ቁራጭ ውኃ ውስጥ ነክሮ እስከማይንጠባጠብ መጭመቅ፣ 20 ፍሬ ሳይመርጡ ቆጥሮ እርስ በርሳቸው ሳይነካኩ መደርደር፣ ከዚያ ጠቅልሎ አየር በሚያስገባ ላስቲክ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። «ሳይመርጡ» የምለው በምክንያት ነው፤ ሰው ሲቆጥር ሳያውቀው ደንደን ደንደን ያለውን ያነሣል፤ ያን ጊዜ ፈተናው ይዋሻል።

ጨርቁ ከምድጃው ራቅ ብሎ ሞቅ የሚልበት ቦታ ላይ ይቀመጥ። በየቀኑ ተከፍቶ ይታይ፤ ሲደርቅ ውኃ ይረጭበት። ጎመን በሦስትና በአምስት ቀን ውስጥ ነጭ ሥሩን ያሳያል። ሽንኩርትና ቲማቲም ከስድስት እስከ አሥር ቀን ይወስዳሉ። ካሮትና ቃሪያ እስከ ሁለት ሳምንት ያስጠብቃሉ። በእኛ አገር የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ብርዱ ስለሚያይል ጥቂት ቀናት ጨምሮ መታገሥ ይገባል። ቀይ ስርና ቆስጣ ላይ ደግሞ እንዳትደናገሩ፤ አንድ ፍሬ የሚመስለው ሁለት ሦስት ዘር ተጣብቆ የደረቀ ስለሆነ ከአንዱ ፍሬ ሁለት ቡቃያ ቢወጣ እንደ አንድ ይቆጠራል።

ከ20ው 16 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ጥሩ ነው። አሥር ገደማ ከሆነ ጥቅጥቅ አድርጎ በእጥፍ መዝራት ይቻላል። ከስምንት በታች ከሆነ ግን ጉልበትዎን አይጨርሱበት። ከሁሉም የሚሻለው መጀመሪያ ጥቂት ገዝቶ መፈተንና ከዚያ ለመደቡ የሚበቃውን መግዛት ነው። የገበያ ቀን በሳምንት አንዴ በሆነበት ቦታ ይህ ማለት ሁለትና ሦስት ገበያ ቀድሞ ማሰብ ማለት ነው። ለዐቢይ ጾም ጎመንና ካሮት እንዲደርስ የሚፈልግ ሰው ፈተናውን መስከረም መጨረሻ ላይ ቢጀምር አይቸኩልም። ዝናቡ ሲያበቃ እጅ የታጠበበትንና አትክልት የታጠበበትን ውኃ ወደ መደቡ ማዞር ነው።

ታማኝ ዘር ከየት ይገኛል?

የመጀመሪያው በር የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ነው። በወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል የሚመጣ የአትክልት ዘር መቼ እንደሚገባ ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው። ባለሙያው የሚያውቀው ሌላም ነገር አለ፤ የትኛው ዘር ለየትኛው ከፍታ እንደሚስማማ። ወደ ጉና ወጣ ያለ ቀበሌ ላይ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ስርና ነጭ ሽንኩርት ይመቻቸዋል፤ እዚያ ቲማቲም መዝራት ከውርጭ ጋር መታገል ነው። ወደ ዓባይ ሸለቆ ወረድ ባለው በኩል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሙሉ ለሙሉ ጤነኛ የሆነ ዘር ያለ ቦታው ተዘርቶ ሲጠፋ «ዘሩ መጥፎ ነው» ይባላል።

ከሱቅ ሲገዙ ያልተከፈተ እሽግ ይምረጡ። በእሽጉ ላይ የዝርያው ስም፣ የምድብ ቁጥር፣ የብቅለት መጠኑ በመቶኛ፣ የታሸገበት ወይም የተፈተነበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን ሊኖር ይገባል። ጽሑፉ በአብዛኛው በባዕድ ቋንቋ ስለሚሆን የሚያነብ ልጅ ይዞ መሄድ አያሳፍርም፤ መድኃኒት ሲገዛ እንደሚደረገው ማለት ነው። ሁለትና ሦስት ጎረቤት ሆኖ አንድ ትንሽ እሽግ ገዝቶ መካፈል በማንኪያ ከሚሰፈረው ይሻላል። ባዶውን ወረቀት አይጣሉት። ዘሩ ሳይበቅል ቢቀር ለባለሙያውም ሆነ ለሻጩ የሚያሳዩት ማስረጃ ያ ነው። እሽጉ ላይ «ኤፍ ዋን» የሚል ካለ ዲቃላ ዘር ነው። ምርቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከእርሱ ዘር አስቀርቶ ለከርሞ መዝራት አያዋጣም፤ ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም። በአዳማ አቅራቢያ የሚገኘው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው መካከል እንደ መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ ያሉት የቲማቲም ዝርያዎች፣ እንዲሁም ማረቆ ፋና የተባለው በርበሬ ከራሳቸው ዘር ሊያዝባቸው የሚችል ናቸው።

ወረድ ባሉት ቀበሌዎች ለሚኖሩ ቤተሰቦች ደግሞ ብርቱካናማ ሥጋ ያለውን ስኳር ድንች እመክራለሁ። ኩልፎና ቱላ የተባሉት ዝርያዎች በአገራችን የተለቀቁ ናቸው። የዚህ ተክል ጥሩ ነገር ዘር ፍለጋ አለመጠየቁ ነው፤ ከጎረቤት የተቆረጠ ሐረግ ይተከላል። 125 ግራም ገደማ የተቀቀለ ብርቱካናማ ስኳር ድንች የአንድን ትንሽ ልጅ የቀን የቫይታሚን ኤ ፍላጎት ይሸፍናል። ነጩ ስኳር ድንች ግን ይህንን አያደርግም።

ከሁሉም በፊት ግን እጃችን ላይ ያለውን አንርሳ። ጎመንዘር የዚሁ የእኛ አገር ተክል ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ጎብኝቶ የብዙ ሰብሎች መነሻ ከሆኑት የዓለም ክፍሎች አንዷ አድርጎ መዝግቧታል። ዶክተር መላኩ ወረደ ደግሞ አዲስ አበባ የሚገኘውን የዘር ባንክ ሲመሩ፣ ገበሬው በድርቅ ዘመን ዘሩን በልቶ እንዳይጨርስ የአካባቢ ዘሮችን በማሰባሰብና ወደ ማሳው በመመለስ በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በእኔ አስተያየት የመካነ ኢየሱስና የአካባቢዋ እናቶች ከሳጥናቸው ሥር ቋጥረው የሚያስቀምጡት የጎመን ዘር ከብዙ ባለቀለም እሽግ ይልቅ ሊታመን ይችላል፤ ለአየሩ የለመደ ነው፤ ሻጩም የምትታወቅ ጎረቤት ናት።

አያያዙ ላይ ግን ስሕተት አያለሁ። አብዛኛው ሰው ምርጥ ምርጡን ቀጥፎ ይበላና ቀድሞ ያበበውን ቀጭን ጎመን ለዘር ይተወዋል። እንዲህ ሲደረግ ከዓመት ዓመት ቶሎ የሚያብብ፣ ቅጠሉ ትንሽ የሆነ ጎመን እየተመረጠ ይሄዳል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። ቅጠለ ሰፊውንና ዘግይቶ የሚያብበውን አምስት ስድስት ግንድ በክር ምልክት አድርጎ ሳይቀጥፉ መተው ያስፈልጋል። ከረጢቱ ቢጫ ሲሆን ቆርጦ በጥላ ማድረቅ፣ ከደረቀ አመድ ጋር ደባልቆ አፉ በሚገጥም ጠርሙስ ወይም በቅል ማስቀመጥ ነው። ከምድጃ በላይ መስቀል ነቀዝ ይከላከላል ይባላል፤ እውነት አለው፤ ነገር ግን በጣም ከቀረበ ሙቀቱ ዘሩን ይገድለዋል። ስሙንና ዓመቱን የጻፉበት ወረቀት አብሮ ይግባ።

ከዱባና ከዝኩኒ ዘር ለሚያስቀሩ አንድ የሕክምና ማስጠንቀቂያ አለኝ። እነዚህ ተክሎች በንብ አማካይነት ከዘመዶቻቸው ጋር ይዳቀላሉ፤ አልፎ አልፎም እጅግ መራራ ፍሬ ይወጣል። መራራ የሚያደርገው ንጥረ ነገር መርዝ ነው፤ ቢቀቀልም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን አገር አንድ የ79 ዓመት አዛውንት ከጓሮ የተገኘ መራራ ዝኩኒ በልተው ሕይወታቸው አልፏል። በምላስ ጫፍ ተቀምሶ የመረረ ዱባ፣ ዝኩኒ ወይም ቅል ሳይሳሱ መጣል ነው።

ቀለም የተቀባ ዘር ምግብ አይደለም

ሮዝ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ያለው ዘር አይታችሁ ይሆናል። ቀለሙ ለጌጥ አይደለም። ዘሩ በሻጋታ ወይም በነፍሳት መከላከያ ኬሚካል መታሸቱን የሚያስታውቅ ምልክት ነው። ለዘሩ ጥሩ ነው፤ መሬት ውስጥ እንዳይበሰብስ ይጠብቀዋል። ለሕፃን ግን ከረሜላ ይመስለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻ ኢራቅ ውስጥ የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። መንግሥት ከሜክሲኮ ያስገባው፣ በሜርኩሪ ውሁድ የታሸና ቀይ ቀለም የተቀባ የስንዴ ዘር ለገበሬዎች ታደለ። በብዙ ቦታ የመዝሪያው ጊዜ አልፎ ደረሰ። በከረጢቱ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ገበሬው በማያነበው ቋንቋ ነበር። አንዳንዶች ዘሩን አጠቡት፤ ቀለሙ ለቀቀ፤ መርዙም አብሮ የሄደ መሰላቸው። ለዶሮ ሰጥተው ጥቂት ቀን ጠበቁ፤ ዶሮዎቹ ደህና ስለሆኑ ዳቦ ጋገሩበት። መርዙ ምልክቱን የሚያሳየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ቀድሞ ማወቅ አልተቻለም። በሆስፒታል የታከሙት 6,530 ነበሩ፤ ከእነዚህም 459 ሞተዋል። ዛሬ ከታወቀ አምራች የሚመጣ የአትክልት ዘር በሜርኩሪ አይታሽም። ሆኖም ቀለሙን አጥቦ ወይም በዶሮ ፈትኖ «ደህና ነው» ማለት ዛሬም ያው ስሕተት ነው።

ስለዚህ የታሸ ዘር በእጅ ሲነካ ላስቲክ ማጥለቅ፣ ካለቀ በኋላ በሳሙና መታጠብ፣ የተረፈውን ለዶሮም ሆነ ለከብት አለመስጠት ይገባል። ባዶውን ቆርቆሮ ብዙ ቤት ውስጥ የጨውና የበርበሬ ዕቃ ሆኖ አይቻለሁ፤ ይህ መቆም አለበት። በጨርቅ የፈተናችሁት ዘር የታሸ ከሆነ ጨርቁም አብሮ ይቀበር።

ሌላው ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ለዘር ማሻ ከሚያገለግሉት ኬሚካሎች አንዱ ቲራም ይባላል። ቲራም የአልኮል ሱስ ያለባቸው ሰዎች መጠጥ እንዲጠሉ ከሚሰጣቸው መድኃኒት ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ይህ ኬሚካል በቆዳ ወይም በአፍ የገባበት ሰው ዘርቶ ሲመለስ ጠላ ወይም አረቄ ከጠጣ ፊቱ ሊቀላ፣ ልቡ በኃይል ሊመታ፣ ሊያቅለሸልሸውና ራሱን ሊስት ይችላል። «ምች መታኝ» ብሎ ከመተኛት በፊት የዋለበትን ሥራ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። በደቦ ዘርቶ በጠላ ማሳረፍ ወግ በሆነበት አገር ይህንን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ልጅ ቀለም ያለውን ዘር ከዋጠ አፉን በውኃ አጥቦ፣ የቀረውን ዘርና እሽጉን ይዞ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። ጣት ከትቶ ማስታወክ አይገባም፤ ወተት እየሰጡ «ይሻለዋል» ብሎ ማደርም አይገባም። እሽጉ ላይ ያለው የኬሚካል ስም ለእኛ ለሐኪሞች ሕክምናውን ለመወሰን ትልቅ እገዛ ያደርጋል።

በስፍር የተገዛ ዘር ውስጥ የአረም ዘር ሊቀላቀል እንደሚችልም ልጨምር። ከሁሉ የሚያሳስበኝ አስተናግር ነው። ቡቃያው ከጎመን መደብ ውስጥ ሲወጣ ተለይቶ መነቀል አለበት። ከቅጠል ጋር ተቀጥፎ ድስት ከገባ አፍ ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ ያስቀባዥራል፤ በሕፃናት ላይ ሲሆን ለሕይወት ያሰጋል።

የእንቁላሏ ባለቤት

ያቺ እናት ያን ዕለት ስትወጣ ከጎረቤቷ አንድ እፍኝ የጎመን ዘር እንድትለምን፣ 20 ፍሬ በጨርቅ እንድትፈትን፣ እንቁላሉን ግን እንዳትሸጥ ነገርኳት። «ዶክተር፣ ለዘር ነበር እኮ» አለችና ሳቀች።

ታኅሣሥ ላይ ተመልሳ መጣች። ከ20ው 18 መብቀሉን በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ። ጎመኑን ሁለት ጊዜ ቀጥፋዋለች። ደሟም ከፍ ብሏል፤ ያንን በዋነኛነት ያደረገው ሳታቋርጥ የዋጠችው ክኒን መሆኑን አስረዳኋት። ካሮቱን በሚቀጥለው ዓመት ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር አንድ እሽግ ገዝተው ለመካፈል ተነጋግረዋል። እኔም ቀጠሮ ካርዷ ጀርባ ላይ እሽጉ ላይ ማየት ያለባትን አራት ነገር ጻፍኩላት፤ የዝርያው ስም፣ የታሸገበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የብቅለት መጠኑ። አንባቢ ልጅ ስለሌላት የጎረቤቷን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይዛ ትሄዳለች።